ጥይትም እንደ ምስር ይለቀማል

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጎረቤቴ ልጅ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ከች አለ። ከዘጌ ቡና በጀልባ እያስመጣ ገበያ የሚያወጣ፣ አንዳንድ ሌሊት የሰው ገንዘብ ይዞ የሚያድር ልጅ ነው። ከአጎቱ የተላለፈለት፣ በስሙ ፈቃድ የወጣበት አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ አለው። «እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ከእነዚህ የትኛው ይሻለኛል?» አለና ፌስታሉን ዘረገፈው። የዘረገፈው ደግሞ ለምሳ ምስር ልለቅምበት ባወጣሁት ሰፌድ ላይ ነው።

ቆጠርኳቸው፤ 23 ፍሬ። 22 ዓመት መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ ገቢና ወጪ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝና ሰው ጥይት ይዞ ሲመጣ ሰላምታውን ከመጨረሴ በፊት ነው የምቆጥረው። ዛሬ ጣና ዳር ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ እየሸጥኩ እኖራለሁ። ሰፈሩ ግን የድሮ ሥራዬን አልረሳልኝም፤ በርበሬ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሽጉጥ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር። የምጽፈው በእጁ ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ሰው ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ ለሌላ ማስተላለፍም እንደሚያስቀጣ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ፈቃድ የሌለው ሰው ይህን አንብቦ ጥይት ፍለጋ ከሚወጣ በሩን ቢያጠብቅና ጥሩ ውሻ ቢያሳድግ ይሻለዋል። ስቄ አይደለም የምለው፤ ውሻው ከሽጉጡ ቀድሞ ይነቃል።

ድንኳን ውስጥ ወንዶች ስለ ትንንሽ ሽጉጥ ሲከራከሩ ስንት ዓመት ሰማሁ! አንዱ «ማካሮቭ ምን አላት» ይላል፣ ሌላው «ሰባት ስድሳ አምስት የሴት ሽጉጥ ናት» ይላል (ሴቷ እኔ ጠላ እየቀዳሁለት)፣ ሦስተኛው ቶካሬቭ ግንድ ሲበሳ አይቻለሁ ብሎ ይምላል። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ጉልበት ነው። በእኔ ግምጃ ቤት በኩል ያለፈው ቅሬታ ግን ጥይቱ ደካማ ነው የሚል አልነበረም። ከሸፈ፣ ተቀረቀረ፣ ካዝናው (ጥይቱ የሚደረደርበት) ውስጥ ነከሰ፣ ያልሆነ ጥይት ተቀላቀለ፤ መዝገቡ ላይ የሚበዛው ይኸው ነበር። ጭንቅ በመጣበት ሌሊት «ቀጭ» ብላ ዝም ከምትል ትልቅ ጥይት፣ ታናሽ ሆና የምትጮኸው ትሻላለች።

መጀመሪያ ብረቱን አንብቡ

የጥይት ምርጫ የሚጀምረው ከጥይቱ ሳይሆን ከሽጉጡ ነው። ካዝናውን አውጡ፣ የሽጉጡን ተንሸራታች የላይ ክፍል ወደ ኋላ ስባችሁ የጎረሰ ጥይት እንደሌለ በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ፣ ከዚያ አፈሙዙ ወይም ጎኑ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። መነጽር የሚያስፈልጋችሁ አድርጉ፤ እኔም አደርጋለሁ። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ በግምት አትሙሉ፤ መሣሪያ የሚያውቅ ባለሙያ አፈሙዙን ይለካላችሁ።

ጣጣው ያለው «ዘጠኝ» ላይ ነው። ሰው «ዘጠኝ ሚሊ ነው» ይልና ያለቀለት ይመስለዋል። ዘጠኝ ግን ሦስት እህትማማች ናት። የመጀመሪያዋ 9 በ17 ናት፤ ብራውኒንግ አጭሯ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣችው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ይዞት የመጣው ቤሬታ 34 የሚበላው እሷን ነው፤ ብረቱ ላይ «ካሊበር 9 ኮርቶ» የሚል ተቀርጾበታል፤ ኮርቶ በጣሊያንኛ አጭር ማለት ነው። ሁለተኛዋ 9 በ18፣ ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ከማካሮቭ ሽጉጥ ጋር የተቀበሏት ናት። ሦስተኛዋ 9 በ19፣ ፓራቤለም የምትባለው፣ ከሦስቱም ጉልበተኛዋ። 17፣ 18፣ 19 የሚለው የቀልሃው፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው ቀፎ፣ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው።

ችግሩ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። የማካሮቭ አረር (ተተኩሶ የሚወጣው ጫፍ) በስም ዘጠኝ ይባል እንጂ ውፍረቱ ከ9.2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው፤ የሁለቱ እህቶቿ ግን ዘጠኝን እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ አጭሯን ማካሮቭ ውስጥ ብትከቷት ትገባለች፤ አረሯ ግን የእናቷን ጫማ እንዳደረገች ልጅ እየተንገዳገደች ነው የምትወጣው፤ የት እንደምትሄድ አይታወቅም። የማካሮቩን ወፍራም አረር ደግሞ በሌላ ዘጠኝ ውስጥ በግድ ማስገባት አፈሙዙን ከአቅሙ በላይ ማስጨነቅ ነው፤ እጅ የሚያሳጣ ነገር ነው። ፓራቤለሟ ሙሉ ርዝመቷ ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ስለሚቀረው የማካሮቭ ካዝና አይቀበላትም። «ትንሽ ገፋ ብናደርጋትስ?» ያለኝ ሰው አለ። ስሙን አልጽፍም፣ አሁንም ይመጣል፣ በርበሬ ይገዛል።

ይህን ሳስረዳው ልጁ የሰፌዱን ጥይት እያየ ዝም አለ። ከ23ቱ ውስጥ የማካሮቭ የሆኑት 11 ብቻ ነበሩ። 6ቱ ፓራቤለም፣ 4ቱ አጭር፣ አንዷ አንገቷ ጠበብ ብሎ ጠርሙስ የምትመስል የቶካሬቭ ጥይት፣ አንዷ ደግሞ አረር የሌላት፣ አፏ እንደ ሳምቡሳ የተጣጠፈ የድምፅ ጥይት። አጎቱ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያጠራቀሙት «ሁሉም ዘጠኝ ነው» ብለው ሳይሆን አይቀርም። ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ፣ መነጽር ግን አይወዱም ነበር።

ሌላው መሳሳቻ 7.62 እና 7.65 ነው። በቁጥር የሦስት ሽራፊ ልዩነት ይመስላል፤ በሥራ ግን ፍጹም የማይገናኙ ናቸው። 7.62ቷ ቶካሬቭ ረጅም፣ ባለ አንገት፣ በጣም ፈጣን ናት። 7.65 ብራውኒንግ ቀጥ ያለች አጭር ጥይት ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ ያለች አሮጊት ብትሆንም ዛሬም ትሠራለች። ባሌ ትቶልኝ የሄደው፣ ፈቃዱን ወደ ስሜ ያዞርኩት ብራውኒንግ 1910 የሚበላው እሷን ነው፤ ካዝናው ሰባት ይይዛል። ከእሷ የምታንሰው 6.35 ናት፤ ከጣት የማትበልጥ ሽጉጥ ውስጥ የምትገባዋ።

እግረ መንገዴን ስለ ቱርክ ሽጉጥ አንድ ቃል ልበል። ከነዚያ መካከል ብዙዎቹ ሲሠሩ የድምፅ ጥይት ብቻ እንዲተኩሱ ሆነው የተሠሩ፣ ኋላ በሕገ ወጥ እጅ የተለወጡ ናቸው። አካላቸው ከዚንክ ቅይጥ የፈሰሰ ነው፣ እንደ ብረት ሽጉጥ ግፊት አይችልም። ለእነዚህ «የሚስማማ ጥይት የቱ ነው?» የሚለኝን ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የለም። ፊትህ ላይ የሚፈነዳ ዕቃ ነው፣ ሕጉም ቢሆን አይምርህም።

ስለ ጉልበት፣ ባጭሩ

ቁጥር ለሚወድ ሰው ልስጠው። 6.35 ሦስት ግራም ከሩብ ገደማ የሚመዝን አረር ይዛ ወደ 85 ጁል ጉልበት ታወጣለች። 7.65 አራት ግራም ከግማሽ አለፍ የሚል አረር አላት፤ ጉልበቷ ከ170 እስከ 200 ጁል ነው። አጭሯ ዘጠኝ 260 አካባቢ፣ ማካሮቭ 300 አካባቢ፣ ፓራቤለም 480 እና ከዚያ በላይ። ክላሽ 2,000 አካባቢ ነው። ክላሹን የጨመርኩት ድንኳን ውስጥ በ7.65 እና በማካሮቭ መካከል የሚደረገው ክርክር ምን ያህል በጉልበተኛ ፊት የሁለት ጫጩት ጠብ እንደሆነ እንዲታያችሁ ነው።

ሃያ ሁለቷን (በኢንች ቁጥር ዜሮ ነጥብ ሃያ ሁለት) የሚጠይቁኝም አሉ፤ ርካሽ ናት፣ አትራገጥም። እውነት ነው። ግን ተቀጣጣይ ቅመሟ ያለው ቂጧ መሐል ላይ ሳይሆን በጠርዟ ዙሪያ ነው። ቅመሙ ዙሪያውን እኩል ካልደረሰ፣ መቺው መርፌ ባዶውን ቦታ ይመታና ትከሽፋለች። ጣሳ ለመምታት ጥሩ ናት፤ ሕይወት የሚንጠለጠልባት ግን አይደለችም። 6.35 የተፈጠረችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ለኪስ ሽጉጥ የምትሆን፣ ቂጧ መሐል ላይ የምትመታ ትንሽ ጥይት ያስፈልግ ነበር።

ሽጉጡ ከተመረጠ በኋላ የጉልበቱ ጉዳይ አብቅቷል። ማካሮቭ ያለው ሰው ማካሮቭ ነው ያለው። «ጠንከር ያለ የተሞላ» ተብሎ የሚሸጥ ጥይት በአሮጌ ሽጉጥ ላይ ማስገባት፣ አሮጌ ባጃጅ ላይ ሲኖትራክ የሚሸከመውን አሸዋ መጫን ነው።

ክብ አፍንጫ ወይስ የተቦረቦረ?

ሁለት ዓይነት አረር አለ። አንዱ አፍንጫው እንደ እንቁላል ክብ፣ እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በመዳብ ቅይጥ ወይም በቀጭን ብረት የተሸፈነ። ሌላው አፉ የተቦረቦረ፣ ሲመታ እንደ አበባ የሚፈነዳ። ሁለተኛው ለጦርነት እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ በተደረገው ስምምነት ተከልክሏል፤ የብዙ አገር ፖሊሶች ግን ይይዙታል፤ ሲፈነዳ ፍጥነቱን ስለሚያጣ ከጀርባ ያለውን ሰው የመጉዳት ዕድሉ ይቀንሳል ብለው።

በትልቅ ሽጉጥ ይህ ያስኬዳል። በትንሿ ግን የሚሸጠው ነገር ከሚሠራው ይበልጣል። 6.35 እና 7.65 ፍጥነት የላቸውም፤ የተቦረቦረው አፍ አንዳንዴ ጭርሱን አይፈነዳም፣ ሲፈነዳ ደግሞ ያቺኑ ትንሽ ጉልበት ይበላታል። ከዚህ የሚብሰው ሜካኒኩ ነው። አሮጌ ሽጉጦች ሲሠሩ የታሰበላቸው ክብ አፍንጫ ነው፤ ሽጉጡ ሲያቀባብል አፍንጫዋ በመወጣጫው ላይ ተንሸራታ ነው የምትገባው። ጠርዝ ያለው አፍ እዚያ ይነክሳል።

7.65 ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የቀልሃዋ ቂጥ ከወገቧ ሰፋ ይላል፣ ቀለበት አላት። ካዝና ስትሞሉ የላይኛዋ ጥይት ቀለበት ከታችኛዋ ቀለበት ፊት መሆን አለበት። ከኋላዋ ከገባ ሁለቱ ይቆላለፋሉ፤ የቱንም ያህል ብትስቡ አይላቀቁም፤ ካዝናውን ፈትቶ ማውጣት ነው። ክብ አፍንጫዋ ሙሉ ርዝመቷ 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካዝናውን ሞልታ ትቀመጣለች፤ አትንሸራተትም። የተቦረቦረችው አጠር ስለምትል ኪስ ውስጥ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ወደፊትና ወደኋላ ትዋልላለች፣ ከዚያ ትቆለፋለች። ስለዚህ ለእኔ ብራውኒንግ መልሱ ያለቀ ነው፤ ክብ አፍንጫ፣ ሙሉ ልባስ። ለማካሮቩም ያንኑ ነው የነገርኩት።

ለቀማው

አሁን ወደ ሰፌዱ። የማካሮቭ ያልሆኑትን 12ቱን ወደ ጎን አድርጌ 11ዱን ጫፍ ላይ ደረደርኳቸው፣ በመስኮቱ ብርሃን በኩል። ምስር ስትለቅሙ ድንጋዩን የምታዩት በዓይን ብቻ አይደለም፣ ጣታችሁ ቀድሞ ያውቀዋል። ጥይትም እንደዚያ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዷን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ አንከባለልኳት። ቀጥ ብላ የማትንከባለል ጥይት ወይ ቀልሃዋ ተሰርጉዷል ወይ አረሯ ዘሟል።

የሶቪየት ማካሮቭ ጥይት ቀልሃው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፤ እንዳይዝግ እንደ ቫርኒሽ ያለ ቀለም ይቀባል። ነሐስ የሆኑም አሉ። ነሐሱ ላይ ጠቆር ማለት ምንም አይደለም፣ ዕድሜ ነው። አረንጓዴ ከሆነና በጥፍር ስትነኩት ሸክሸክ ካለ ግን ብረቱ እየተበላ ነው። ሁለቱ ነሐስ ጥይቶች አንገታቸው ላይ፣ አረሩ ከቀልሃው በሚገናኝበት ቦታ፣ ያን አረንጓዴ አሳይተዋል። በዚያ በኩል እርጥበት ከገባ ባሩዱ አይታመንም። አወጣኋቸው።

ቀጥሎ ገለበጥኳቸውና ቂጣቸውን አየሁ። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መቺው መርፌ የሚያርፍባት ናት። ለስላሳ፣ ከዙሪያው ትንሽ ዝቅ ያለች መሆን አለባት። አንዷ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለ፤ የመርፌ ምልክት ነው። አንድ ጊዜ ተሞክራ ከሽፋ ተመልሳ የተቀመጠች ናት። «ማን መለሳት?» ስለው፣ ልጁ መሬት መሬት አየ። የከሸፈች ጥይት ሁለተኛ ዕድል የላትም፤ ወጣች።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ርዝመት። ሁሉንም ቂጣቸውን በሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስደግፌ አፍንጫቸውን አስተያየሁ። አንዷ ከጎረቤቶቿ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አጥራለች። ልጁ «አልታየኝም» አለ። የልጄን ማስመሪያ አምጥቼ ከላይ አሳረፍኩባቸው፤ ያኔ ታየው። ይህ የሚመጣው ማታ ማታ እያቀባበሉ ጠዋት እያወጡ ያችኑ አንድ ጥይት ደጋግመው ካዝናው አናት ላይ ከመመለስ ነው። በተቀባበለች ቁጥር አፍንጫዋ ይመታል፣ አረሯ ወደ ቀልሃው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ይሰምጣል። ውስጥ ያለው ቦታ ሲጠብ ባሩዱ ሲነድ ግፊቱ ይጨምራል፣ በእንደዚህ ያለች ትንሽ ቀልሃ ውስጥ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ቀላል አይደለም። በየሌሊቱ የማቀባበል ልማድ ያለው ሰው ቢቻል ልማዱን ይተው፤ ካልቻለ የላይኛዋን ጥይት እየቀያየረ በሁለት ሦስት ዙር ያስወግዳት።

ሰባት ቀሩ። የማካሮቭ ካዝና ስምንት ይይዛል፤ ልጁ «ደህና ነው፣ አንድ ብቻ ነው የጎደለው» ብሎ እጁን ሊሰድ ሲል ያዝኩት። ቂጣቸው ላይ የተቀረጸውን እንዲያነብልኝ አደረግኩ። አምስቱ ላይ 38 እና 83 ይላል፤ 38 የሩሲያው የዩሪዩዛን ፋብሪካ ቁጥር ነው፣ 83 የተሠሩበት ዓመት። ሁለቱ ግን ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ዓመት። ሁለቱም ቢተኩሱ ይተኩሱ ይሆናል። ግን በየቤታቸው የተለያየ ባሩድ፣ የተለያየ አቀማመጥ የኖሩ ናቸው፤ ታሪካቸውን አላውቅም። አንድ ካዝና ውስጥ የሚገባ ጥይት አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ከአንድ ፓኬት የወጣ ይሁን። በገበያ በፍሬ የሚቸረቸር ጥይትን የምጠላው ሕገ ወጥነቱ ብቻ አይደለም፣ የእያንዳንዷን እናትና አባት ስለማታውቁ ነው።

«አምስት ብቻ?» አለ። አምስት። ደርዘን ከጠረጠርካቸው ጥይቶች ይልቅ ያመንካቸው አምስቱ ይበቁሃል፤ የጎደለውን ፈቃድ የሰጠህን አካል ጠይቀህ በሕጋዊ መንገድ ሙላ አልኩት። የሚገዛውንም ከተመሳሳይ ፓኬት ጥቂት ፍሬ ጨምሮ እንዲወስድና በተፈቀደ ቦታ፣ ባለሙያ ባለበት፣ በራሱ ሽጉጥ እንዲሞክረው ነገርኩት። ጥይት ጥሩ መሆኑ አይበቃም፣ ከዚያ ሽጉጥ ጋር መስማማቱ ነው። አንድ ካዝና ሙሉ ሳይነክስ፣ ሳይከሽፍ ካለፈ፣ ደግሞ ሌላ አንድ ካለፈ፣ ያን ጊዜ የቀሩትን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ፣ ለጥምቀትም ለሠርግም ሰማይ መተኮስ ሙከራ አይደለም። ወደ ላይ የወጣ ይወርዳል፤ የሚወርድበት ደግሞ የሰው ጣራ ነው።

ስትሞክሩ «ቀጭ» ብላ ዝም ካለች አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቁጠሩ። ዘግይታ የምትነድ ጥይት አለች። ድምፅዋ ከወትሮው ደከም ብሎ «ቡፍ» ካለች ደግሞ ሌላ አትተኩሱ፤ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ከኋላው ይመጣል። አውጥታችሁ፣ አራግፋችሁ፣ በአፈሙዙ ብርሃን እስኪታይ አትንኩት።

ክረምትና የእኔ ጥፋት

ባሕር ዳር ለጥይት ክፉ ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው ያልባል፣ ጫማ አልጋ ሥር ካደረ ይሻግታል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ክረምት፣ ብልህ ነኝ ብዬ አንድ ሳጥን ጥይት በልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ በአንድ ቀባሁ፤ እንዳይዝግ። አለቃዬ ኅዳር ላይ ለልምምድ አስወጡት። ከመጀመሪያዎቹ አሥር አራቱ ከሸፉ። ዘይቱ በቂጣቸው ክብ ዳር ዳር ሰርጎ ተቀጣጣዩን ቅመም አርሶት ነበር። አለቃዬ አልጮኹብኝም፣ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ብቻ ሄዱ። አፈርኩ። ያን ጊዜ ነው ጥይት ዘይት አይቀባም፣ ቅቤም፣ ኑግም፣ ናፍጣም አይነካውም የሚለውን የተማርኩት። ዘይት ለሽጉጡ ነው፣ እሱም ተጠርጎ እስኪደርቅ ድረስ ብቻ።

ዛሬ የእኔዎቹን የማስቀምጠው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች ሁለት ሦስት እጨምርባቸዋለሁ፤ ከክረምት በፊት እቀይራቸዋለሁ። ከሲሚንቶ ወለል ከፍ አድርጌ፣ ከምድጃ አርቄ፣ በቁልፍ። ሽጉጡ በአንድ ቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ። ፍራሽ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ላብም ልጅም ያገኘዋል። የአንዳንድ የድሮ ምሥራቅ አገር ጥይት ተቀጣጣይ ቅመም ጨው ይተዋል፣ እሱን የተኮሰ ሽጉጥ በዚያኑ ቀን በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልነካው አፈሙዙ በሳምንት ውስጥ ይዝጋል፤ በክረምት ደግሞ በሁለት ቀን።

ከጥይቱ ጀርባ ያለው

ልጁ ቤቱ ከእኛ ሦስት በር ይርቃል። ግድግዳው ከባሕር ዛፍና ከጭቃ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ። ክብ አፍንጫ ያላት የማካሮቭ ጥይት ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ትበሳዋለች፣ ጭቃው ላይም አትመኑ፤ እንጨቱን ከሳተች ማዶ ልትወጣ ትችላለች። ማዶ ደግሞ የምትተኛው እናቱ ናት፣ ከእሷ ማዶ እኔ። ስለዚህ ጥይት ሲመረጥ አልጋው የት ነው፣ በሩ የት ነው፣ ከበሩ ኋላ ማን ይተኛል የሚለውም አብሮ ይታሰባል። የሱቁን ዕቃ ቦታ አስቀይሬዋለሁ፤ ገንዘብ የሚያድርበት ሳጥን አሁን በድንጋዩ መሠረት በኩል ነው ያለው።

«ወደ ሐይቁ ነዋ» የሚልም አይጠፋም። ጣና ባዶ ቦታ አይደለም። ሌሊት ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ መብራት የለውም። የሽጉጥ አረር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ውኃውን በዝቅተኛ ማዕዘን ከመታ ደግሞ አይሰጥምም፤ ልጆች በጠፍጣፋ ድንጋይ እንደሚያዘልሉት እየዘለለ ይቀጥላል።

ሕጉንም ነገርኩት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ሳይቻል ሲቀር፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን። አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ያለፈውን ይመለከታል። ሸሽቶ አጥር የዘለለ ሌባ ጀርባ ላይ የተተኮሰች ጥይት በየትኛው አንቀጽ እንደምትወድቅ ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ቡናውን አመጣሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለታችንም እጃችንን በሳሙና ታጠብን፣ እርሳስ የነካ እጅ ቁርስ አይነካም።

ሦስተኛውን ጠጥቶ ሲነሳ አምስቱን በካዝናው፣ የተጣሉትን በፌስታሉ አድርጎ በማግስቱ ከፈቃዱ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሊያስረክብ ተስማማን። ደጅ ድረስ ሸኘሁትና እንደ ልማዴ «ቁጠራቸው» አልኩት። የተጣሉት 18 መሆን ነበረባቸው። ቆጠረ፣ 17። ደገመ፣ 17። ተመልሰን ገባን፤ እሱ ፍራሽ እያነሳ፣ እኔ ሰፌዱን እያራገፍኩ፣ የልጅ ልጄ በር ላይ ቆማ እያየችን። ያቺ ጠርሙስ የምትመስለው የቶካሬቭ ጥይት ከረከቦቱ ሥር፣ ከተበተነው ፈንድሻ መሐል ተጋድማ ተገኘች።